ከሦስት ዓመት ልጅ ጋር ለንደን፣ ዘጠኝ ቀን፦ ጋሪ ልያዝ ወይስ ልዘላት?

የሶሊ እናት (ሰኞ ማታ)

ሰላም ለሁላችሁ። ባለቤቴ ሰኔ ላይ ለሥልጠና ለንደን ይሄዳል፤ ዘጠኝ ቀን ነው። እኔና ልጃችን ሶሊም አብረነው ነን፤ ቪዛውም ቲኬቱም አልቋል። ሶሊ ሦስት ዓመት ከሁለት ወሯ ነው። እሱ ጠዋት ወጥቶ ማታ ስለሚገባ ቀኑን የምንውለው እኔና እሷ ብቻችንን ነን። ከተማውን አላውቀውም። እንግሊዝኛዬ ለቢሮ ደብዳቤ ይበቃል፤ መንገድ ላይ ቶሎ ቶሎ ሲያወሩኝ ግን እደነግጣለሁ። ልጄ ደግሞ ሲደክማት ምንም ሳትናገር መሬት ላይ ዘርጋ የምትል ዓይነት ናት፤ የትም ይሁን የት።

ዋናው ጥያቄዬ፦ ጋሪ ልያዝ ወይስ ልዘላት? 14 ኪሎ ሆናለች። ሌላው እንቅልፍ ነው፤ ቀን ቢያንስ አንድ ሰዓት ካልተኛች ማታ ቤቱ ይተራመሳል። ፕሮግራሜንም እዩልኝ። የመጀመሪያው ቀን የቤተ መንግሥቱ ዘብ ቅያሪ፣ ቢግ ቤንና ለንደን አይ። ሁለተኛው ቀን ሦስቱ የሳውዝ ኬንሲንግተን ሙዚየሞች። ሦስተኛው ቀን ታወር ኦፍ ለንደን፣ ታወር ብሪጅ፣ ከዚያ በጀልባ ግሪኒች። አራተኛው ቀን የእንስሳት ማቆያው... እንዲህ እያለ አሥራ ሰባት ቦታ ይዣለሁ።

ጭራሮ (ሰኞ ማታ)

ሦስቱን ሙዚየም በአንድ ቀን? ልጅቷ ለመጎብኘት ነው ወይስ ለማትሪክ የምትዘጋጀው?

የመንታ አባት (ሰኞ ማታ)

እህቴ፣ ጋሪ ያዢ። ክርክር የለውም። ግን የትኛውን ጋሪ የሚለው ነው ቁም ነገሩ። ትልቁን፣ ባለ ወፍራም ጎማውን ቤት ተይው። በአንድ እጅ የሚታጠፍ፣ ትከሻ ላይ የሚንጠለጠል ቀላሉን ያዢ። ምክንያቱን ልንገርሽ። የለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ሥራ የጀመረው በፈረንጆቹ 1863 ነው፤ ያኔ ሊፍት ያሰበ ሰው አልነበረም። ብዙዎቹ ጣቢያዎች ውስጥ ዛሬም ያለ ደረጃ አይወጣም። እኛ በመንታ ጋሪ ሄደን ምን እንደደረሰብን ለጠላቴ አልመኝም። ባለቤቴ ከፊት፣ እኔ ከኋላ እንደ ቃሬዛ ተሸክመን ነው የወጣነው።

ደረጃ የሌለበት መስመር ከፈለግሽ ኤልሳቤጥ መስመር የሚባለው አለ፤ በፈረንጆቹ 2022 የተከፈተ ነው፣ ሁሉም ጣቢያው ሊፍት ወይም ደረጃ አልባ መግቢያ አለው። ከሂትሮው አየር ማረፊያም በቀጥታ መሐል ከተማ ያስገባሻል። የጣቢያዎቹ ካርታ ላይ የተሽከርካሪ ወንበር ምልክት ያለባቸውን ፈልጊ። ምልክቱ ሰማያዊ ከሆነ ከመንገድ እስከ ባቡሩ ድረስ ምንም ደረጃ የለም። ነጭ ከሆነ እስከ መቆሚያው ብቻ ነው፤ ባቡሩ ላይ ለመውጣት ከፍታ ወይም ክፍተት ሊኖር ይችላል፣ ለጋሪ ግን ያን ያህል አያስቸግርም።

አንቀልባ ይሻላል (ሰኞ ማታ)

ከመንታ አባት ጋር አልስማማም። 14 ኪሎ ልጅ ታዝላ ትውላለች አልልም፤ ግን ጋሪ ብቻ ይዞ መውጣት ራስን ማሰር ነው። ዝናብ ሲመጣ፣ አውቶቡሱ ሲሞላ፣ ልጅቷ «አልቀመጥም» ስትል ምን ታደርጊያለሽ? እኔ ማዘያዬን ጋሪው ሥር ካለው ቅርጫት አልለይም። እንቅልፍ ያስቸገረ ልጅ ጀርባ ላይ አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም። ፈረንጆቹ ቆመው ያዩሻል፤ ይዩ።

የመንታ አባት (ሰኞ ማታ)

ሁለቱንም ትያዝ ካልሽማ ተስማምተናል ማለት ነው።

እውነቱን ልናገር (ማክሰኞ ጠዋት)

ማንም ስለማይለው እኔ ልበለው። ለምን ለአያቷ አትተያትም? ሦስት ዓመቷ ነው፤ አንዱንም አታስታውሰውም። አንቺም ትደክሚያለሽ፣ ገንዘቡም ይወጣል።

አንቀልባ ይሻላል (ማክሰኞ ጠዋት)

አታስታውሰውም ተብሎ ልጅ ምሳ አይከለከልም።

ጋሽ መንገዱ (ማክሰኞ ጠዋት)

የሶሊ እናት፣ እኔ እዚያ የሄድኩት ልጄን ለመጠየቅ ነበር። ሥራ እየዋለች የአራት ዓመት የልጅ ልጄን የማዞረው እኔ ነበርኩ። ጉልበቴ ስለሚያመኝ ምድር ውስጥ አልወርድም፤ ከተማውን ያየሁት በአውቶቡስ ነው። እንደ ሽማግሌ የምመክርሽ አንድ ነገር ቢኖር አውቶቡስ ነው።

ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም፤ ከፈረንጆቹ 2014 ጀምሮ ቀርቷል። የባንክ ካርድሽን በሹፌሩ አጠገብ ባለው ቢጫ ማሽን ላይ ታስነኪያለሽ፣ አለቀ። እኔ በሄድኩበት ጊዜ 1.75 ፓውንድ ነበር፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሌላ አውቶቡስ ብትቀይሪ ደግሞ አይጨምርብሽም። ከ11 ዓመት በታች የሆነ ልጅ በአውቶቡስ አይከፍልም፤ ከከፋይ አዋቂ ጋር ከሆነ በምድር ባቡሩም አይከፍልም። ታዲያ አንድ ነገር ልብ በይ፤ መሐል በሩ አጠገብ ያለው ጋሪ የሚቆምበት ቦታ የተሽከርካሪ ወንበር ቦታ ነው። በወንበር የሚሄድ ሰው ከመጣ ቅድሚያው የሱ ነው፤ ጋሪሽን አጥፈሽ ልጅሽን ታቅፊያለሽ። የመንታ አባት የሚታጠፍ ያዢ ያለው ለዚህም ይጠቅምሻል።

የልጅ ልጄ ከከተማው ሁሉ የወደደው ምን መሰለሽ? ፎቁ ላይ፣ ከፊት ያለውን ወንበር። ጋሪውን ቤት ትተን እንወጣና ከአንዱ ጫፍ እስከ አንዱ ጫፍ እንሄዳለን። የዛፍ ቅርንጫፍ መስተዋቱን ጧ ሲያደርገው ጎንበስ ይላል፤ ከዚያ እየሳቀ የሚቀጥለውን ይጠብቃል። አንድ ቀን መጨረሻው ጣቢያ ላይ ሹፌሩ ወደ ላይ ወጥቶ «አልቋል ጌቶቼ» ብሎ ነው ያስወረደን። እኛም ተሻገርንና በመጣንበት መስመር ተመለስን። ያ ቀን የተጎበኘ ነገር የለም፤ ልጁ ግን እራት ላይ ለእናቱ ያወራው ያንን ነው።

የሶሊ እናት (ማክሰኞ ከሰዓት)

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ዕድሜ ይስጥዎ። አውቶቡሱን ጻፍኩት። አንተ «እውነቱን ልናገር» ደግሞ፣ አያቷ ጋ እንዳልተዋት ራሷ አያቷ ናት «ይዘሻት ሂጂ» ያለችኝ፤ ምን ላድርግ።

ሰነድ አይጥፋ (ማክሰኞ ከሰዓት)

ስለ ወረቀት ማንም ስላላነሳ። በእኛ ስም አሰያየም እናትና ልጅ በፓስፖርት ላይ አንድም የሚጋሩት ስም የለም። የአባትየውም «የቤተሰብ ስም» ከልጅቷ «የቤተሰብ ስም» ይለያል። ለኛ ግልጽ ነው፤ የፓስፖርት መቆጣጠሪያው ላይ ለተቀመጠው ሰው ግን ሦስት የማይተዋወቁ ሰዎች ናችሁ። የልደት ሰርተፍኬቷን ከነትርጉሙ በእጅ ቦርሳሽ ያዢ፤ ሻንጣ ውስጥ አታስገቢው። የልጅ ቪዛ አብሯት የሚጓዘውን አዋቂ ለይቶ የሚይዝ ስለሆነ ያ ሰው ማን እንደሆነ አረጋግጪ። ባልሽ ቀድሞ የሚሄድ ከሆነና አንቺ ብቻሽን የምትገቢ ከሆነ ደግሞ የሱን የፈቃድ ደብዳቤ ጨምሪ። እኔን ሁለት ደቂቃ ነው የጠየቁኝ። ልጄንም «ይህች ማን ናት?» አሏት። «ማሚ» አለች፤ አለፍን።

ጭራሮ (ማክሰኞ ማታ)

ሰዓት ላይ ተጠንቀቂ። የኔ ሚስት ስልኩ ላይ 10:30 የሚለውን የሙዚየም ትኬት አሥር ሰዓት ተኩል ብላ ከሰዓት በኋላ ልጁን አልብሳ ሄደች። የሱ ሰዓት ያለፈው ጠዋት አራት ተኩል ላይ ነው። ደግነቱ በሩ ላይ የነበረው ሰው ልጁን አይቶ አስገባቸው።

ነርሷ (ማክሰኞ ማታ)

ቀን ከሌት ከሕፃናት ጋር ስለምውል በኔ በኩል ያለውን ልበል።

አውሮፕላኑ መውረድ ሲጀምር አንቂያትና የምትጠጣው ነገር ስጫት። ስትውጥ ጆሮዋ ይከፈታል። ተኝታ ከወረደች እያለቀሰች ነው የምትነሳው።

ትኩሳት ቢይዛት፦ የራስሽን ቴርሞሜትርና የለመድሽውን ሽሮፕ ይዘሽ ሂጂ። እዚያ ከገዛሽ ጠርሙሱን ሳታነቢ በለመድሽው ልክ እንዳትሰጫት። የፓራሲታሞል ሽሮፕ ውፍረቱ ይለያያል፤ እዚያ የትንንሾቹ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም ነው፣ ከስድስት ዓመት በላይ ላሉት የሚሸጠው ደግሞ 250። ሁለቱ ማሸጊያ ደግሞ ይመሳሰላል። ፋርማሲስቱን ዕድሜዋንና ኪሎዋን ነግረሽ ጠይቂ፤ ለምክር አያስከፍሉም።

ሌሊት ከጨነቀሽ 111 ደውዪ። 24 ሰዓት ይሠራል፣ ነፃ ነው፣ አስተርጓሚ ብትጠይቂም ያገናኙሻል፤ ስለዚህ በእንግሊዝኛሽ አትሸማቀቂ። መተንፈስ ካቃታት፣ ከተንቀጠቀጠች ወይም አልነቃ ካለች ግን 999 ነው። የድንገተኛ ክፍል ምርመራ ለእንግዳም አይከፈልበትም፤ አልጋ ከያዘች በኋላ ያለው ግን ይከፈላል፣ ከባድ ሒሳብ ነው። ስለዚህ የጉዞ ኢንሹራንስ ለልጅቷም ግቢላት፤ ለራሳቸው ገዝተው ልጅ የሚረሱ ብዙ ወላጆች አይቻለሁ።

እንቅልፉን በተመለከተ፦ ያ ሰኔ መሆኑን አስቢ። ፀሐይዋ የምትጠልቀው ከምሽቱ 3:20 ገደማ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሳይሞላ ደግሞ ነግቷል። «ጨልሟል፣ ተኚ» ብለሽ የምታሳምኛት ልጅ ከሆነች ማስረጃ የለሽም። ጥቁር የቆሻሻ ላስቲክና ፕላስተር ያዢ፤ መስኮቱ ላይ ለጥፊው። ሆቴሉ አያምርበትም፤ ይሁን።

የመንታ አባት (ረቡዕ ጠዋት)

ነርሷ፣ ስለ ላስቲኩ እግዜር ይስጥልን። እኛ በካርቶን ነበር።

ታክሲ የምትይዢ ከሆነ፦ በእንግሊዝ ሕግ ልጅ 12 ዓመት እስኪሞላው ወይም 135 ሴንቲ ሜትር እስኪደርስ የልጅ ወንበር ግዴታ ነው። ታክሲ ላይ ግን ወንበር ከሌለ ከኋላ መቀመጥ ይፈቀድላታል፤ ሦስት ዓመት ስለሞላት የአዋቂውን ቀበቶ ታስሪያታለሽ። ጥቁሮቹ ታክሲዎች ጋሪ ሳይታጠፍ ያስገባሉ። ውድ ናቸው፤ ለተበላሸ ቀን ይሆናሉ።

ጋሽ መንገዱ (ረቡዕ ጠዋት)

ስለ ዘብ ቅያሪው ረስቼው ነው። አትልፊ። ሰው በሰው ላይ ነው፤ ልጅቷ የምታየው የሰው ቂጥ ብቻ ነው፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። ከቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት ያለው ሴንት ጄምስ ፓርክ ግቢ። ፔሊካን የሚባሉ ትልልቅ ወፎች አሉ፤ የመጀመሪያዎቹን በፈረንጆቹ 1664 የሩሲያ አምባሳደር ነው ለንጉሡ የሰጠው። ከሰዓት 8 ተኩል ገደማ ዓሣ ያበሏቸዋል። ዓሣው ጉሮሮው ላይ እየተንፈራገጠ ሲወርድ ታያለሽ። የልጅ ልጄ ሦስት ቀን ሙሉ ምግብ ሳያኝክ ሊውጥ ሞክሯል።

ባቡር ናፋቂ (ረቡዕ ከሰዓት)

ዘግይቼ ነው። ዲኤልአር የሚባለውን ቀላል ባቡር እንዳትረሺ። ሹፌር የለውም። ከፊት ያለው መስታወት ጋ ወንበር አለ፣ ልጁ እዚያ ተቀምጦ ይነዳዋል። ባንክ ከሚባለው ጣቢያ ተሳፍረሽ ወደ ግሪኒች። ከጀልባው ይልቅ ይሄ ይሻላል።

ባቡሩ የቴምዝን ወንዝ ከመሻገሩ በፊት አይላንድ ጋርደንስ ላይ ውረጂና ወንዙን በእግርሽ ተሻገሪ፣ ከሥር። በፈረንጆቹ 1902 የተከፈተ የእግረኛ ዋሻ ነው፤ 370 ሜትር ገደማ፣ ግድግዳው በነጭ ሸክላ የተለበጠ። ሊፍቶቹ አንዳንዴ ይበላሻሉ፤ ጋሪ ካለሽ አስቀድመሽ እዪ፣ ጠመዝማዛው ደረጃ ቀልድ አይደለም።

የሶሊ እናት (ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ)

ተመልሰናል። ምን እንደሆነ ሳልነግራችሁ መጥፋት ነውር ስለሆነ ቁጭ አልኩ።

ከጋሪው ልጀምር። ሂትሮው ስንደርስ ጋሪው የለም። ሻንጣው መጣ፣ የትልልቅ ዕቃ መውጫው ጋ ጠበቅን፣ የለም። አየር መንገዱን ስሙን አልጠራም፤ ቅጽ አስሞሉን፣ «ነገ» አሉን። አንቀልባ ይሻላል፣ አንቺን ባልሰማሽ ኖሮ የመጀመሪያዎቹን ቀናት እንዴት እንደምወጣቸው አላውቅም። ማዘያው በእጅ ቦርሳዬ ነበር። 14 ኪሎ ግን 14 ኪሎ ነው፤ በሁለተኛው ቀን ወገቤን ይዤ ፕሮግራሙን ባለቤቴ ፊት ቀደድኩት። ከአሥራ ሰባቱ አምስት ነው ያየነው።

ዳይኖሰሮቹን ለማየት የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ሄድን። መግቢያው ነፃ ነው። አዳራሹ ውስጥ ከጣራው የተንጠለጠለውን የሰማያዊ ዓሣ ነባሪ አጽም፣ ያን 25 ሜትር የሚያህል ነገር፣ ሶሊ ቀና ብላ አላየችውም። ወለሉ ላይ የነበረ የጭማቂ መጠጫ ቱቦ ነበር ያየችው። ከዚያ ቲ-ሬክሱ ጋ ደረስን። ይንቀሳቀሳል፣ ያገሳል፤ ማንም አልነገረኝም! አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ሙዚየሙ በሙሉ እስኪሰማ ጮኸች። ከሕዝቡ ተቃራኒ እየተጋፋሁ ወጣሁ፣ አንዲት ሴትዮ መንገድ ከፈተችልኝ። ውጭ ሣሩ ላይ ተቀምጠን ብስኩት በላን። ሃያ ደቂቃ ያህል ዝም ብላ ቆየችና «እማ፣ ደግሞ እንየው» አለች። ገባን። ደግማ ጮኸች። ሦስት ጊዜ ነው የገባነው፤ በሦስተኛው ከሩቅ ቆማ «ባይ» ብላው ወጣች። ሌሎቹን ሁለት ሙዚየሞች አላየናቸውም።

ጋሽ መንገዱ፣ አውቶቡሱ እውነትዎን ነው። እንቅልፉን የፈታልኝም እሱ ነው። ምሳ ካበላኋት በኋላ ረጅም መስመር ያለውን እይዛለሁ፣ ከታች እቀመጣለሁ፣ በሦስተኛው ፌርማታ ጭኔ ላይ ነው። እሷ ተኝታ እኔ ከተማውን አያለሁ። የሚገርመው ብቻዬን የቀረሁበት፣ ለራሴ ያየሁበት ሰዓት ያ ብቻ ነበር። አንድ ቀን እንዲሁ ሄጄ ሄጄ የት እንደደረስኩ ሳላውቅ መጨረሻው ላይ ወረድኩ፤ መንደር ነው፣ አንዲት የልብስ ማጠቢያ ቤትና አንድ ዳቦ ቤት። ዳቦ ገዝተን ተመለስን።

ነርሷ፣ በአምስተኛው ሌሊት 38.9 ሆነባት። ባሌ ታክሲ ልጥራ አለ፤ እኔ 111 ደወልኩ። አስተርጓሚ ጠየቅሁ፣ ጥቂት ጠብቄ አማርኛ የምትናገር ሴት መጣች። ድምጿን ስሰማ እንባዬ መጣ። ትጠጣለች ወይ፣ ሽንት ሸንታለች ወይ፣ ሽፍታ አላት ወይ፣ አንገቷን ታጎነብሳለች ወይ ብለው አንድ በአንድ ጠየቁኝ። ከዚያ ፈሳሽ እየሰጠሁ እንድጠብቅና ምን ካየሁ መልሼ እንድደውል ነገሩኝ። ጠዋት ወርዶላት ነበር። ያን ቀን ክፍላችን ውስጥ ዋልን። ላስቲኩ መስኮቱ ላይ ስለነበር ቀኑን ሙሉ ሌሊት አደረግነው።

ሰነድ አይጥፋ፣ የልደት ሰርተፍኬቱን ጠየቁን። እጄ ላይ ስለነበር ባሌ «ሴት ብልህ ናት» አለ። ብልሃቱ ያንቺ መሆኑን አልነገርኩትም።

ባቡር ናፋቂ፣ ዋሻውን ገባንበት። ያኔ ጋሪ ስላልነበረን ሊፍቱ ቢበላሽም ግድ አልነበረንም። ሶሊ መሐል ላይ ቆማ ስሟን ጠራች፤ ዋሻው መለሰላት። ደገመች። የሚያልፈው ሰው ሁሉ እየሳቀ ሶሊ፣ ሶሊ ይላት ጀመር። ማዶ ለመድረስ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ፈጀብን።

እውነቱን ልናገር (እሑድ ማታ)

እሺ፣ እኔ ተሸንፌያለሁ። ግን ከአሥራ ሰባት አምስት ለማየት ያን ሁሉ ብር?

የሶሊ እናት (እሑድ ማታ)

ብሩንማ ባሌን ጠይቀው።

ነርሷ (እሑድ ማታ)

ሽፍታና አንገት መጠየቃቸው ማጅራት ገትርን ለማጥራት ነው፤ ሌሎች እናቶችም ይያዙት። ጎሽ፣ በደንብ ነው ያለፍሽው።

ጭራሮ (እሑድ ማታ)

ጋሪው ታዲያ ተገኘ?

የሶሊ እናት (እሑድ ማታ)

በሰባተኛው ቀን ሆቴል ድረስ አመጡት፤ አንድ የፊት ጎማ የለውም። ካሳ ጠይቄያለሁ፣ እስካሁን አልመለሱልኝም። አሁን በረንዳ ላይ ነው፤ ሶሊ አሻንጉሊቶቿን ደርድራበት አውቶቡስ አድርጋዋለች። እኔ ስሳፈር ካርድ አስነኪ ትለኛለች።